በጣት የተኖረ ቤት

ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ጣቷ» እያሉ እንደሚጠሩኝ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። አልተቀየምኩም፤ እኔው ያመጣሁት ስም ነው። አንድ ተማሪ ፕላኑን ይዞ ጠረጴዛዬ ፊት ሲቆም፣ ስለ ብርሃንና ጥላ ሊተርክልኝ አፉን ሳይከፍት «ጣትህን በሩ ላይ አድርግ» እለው ነበር። አሁን ከገበያ መጣህ፣ እጅህ ላይ ዘንቢል አለ፣ የት ታስቀምጠዋለህ? ልጅ ተኝቷል፣ እንግዳ መጥቷል፣ ሽንት ቤት መሄድ ፈልገሃል፣ በል ሂድ። ጣቱ ግድግዳ ሲገጨው፣ ወይም ፎጣ አገልድሞ በእንግዶቹ መሃል ሲያልፍ ራሱ ይስቅና ወረቀቱን ጠቅልሎ ይመለሳል። ቤት መጀመሪያ በጣት ይኖርበታል፣ በሲሚንቶ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው እል ነበር። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በጠባብ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ የሆነውን ነው የማወራው። ጠዋት ጠዋት ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቦሌ መንገድ ዳር፣ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ፣ አብሮኝ ከተመረቀ ጓደኛዬ ጋር በተከራየናት ክፍል ውስጥ ለሰው ቤት እነድፋለሁ። ቦሌ ያኔ ገንዘብ ያለው ሁሉ ፎቅ የሚያቆምበት ሰፈር ነበር። ደንበኛው ከጎረቤቱ ከፍ የሚል ቤት ይፈልጋል፣ ቪዲዮ ላይ ያየውን ምሰሶ ይፈልጋል፣ ጣቱን ፕላኑ ላይ አድርጎ እንዲኖርበት ብለምነው «እሱን ለአንቺ ትቼዋለሁ» ይለኛል። ጠዋት ለተማሪ የከለከልኩትን ከሰዓት በኋላ በራሴ እጅ እስለዋለሁ። አባቴ ሁለት ሥራ መያዜን ወደውት ነበር፤ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይሉኛል። እኔ ግን ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቄ፣ የወረቀት ጥቅሌን ከሰው ክርን እየተከላከልኩ ስመላለስ ከሁለት ያጣ ጎመን የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያሉት ነጋዴ ናት ይሉኛል፣ ቦሌ ያሉት ደግሞ አስተማሪ ናት፣ ወሬ እንጂ ሥራ አታውቅም ይላሉ።

አባቴ ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን በሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። እናቴ ሾላ ገበያ፣ መሬት ላይ ባነጠፈችው ጆንያ ላይ ተቀምጣ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። የምንኖረው ከገበያው ጀርባ ባለ የቀበሌ ቤት ነው፤ በቆርቆሮ አጥሮች መሃል የሚያልፈው መተላለፊያ ከመጥበቡ የተነሳ፣ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን አባቴ በመኪናቸው ጭነውን በቦሌ መንገድ ስናልፍ፣ እናቴ ከፎቅ በረንዳ ላይ ተደግፋ ወደ ታች የምትመለከት ሴት አየች። «እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው እግር ነው» አለች። «አንድ ቀን እንኳ የሰው ራስ ከላይ ባይ ምን ነበረበት?» አባቴ መሪያቸውን እንደያዙ «አሠራልሻለሁ» አሏት። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ቀልድ አልነበረም። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሾፌሮቹ የቤት ሠሪዎች ማኅበር ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ መሬት አገኘና የአባቴ ዕጣ ወጣ። ያኔ እዚያ ጤፍ ይዘራ ነበር፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው ጫማ ያስቀራል። እናቴ መሬቱን ስታየው «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ሳቀችባቸው። አባቴ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ በይ እንግዲህ የተማርሽውን አምጪ፣ ፎቅ ይሁን፣ ፎቁ ላይ በረንዳ ይኑረው አሉኝ። ለስንቱ ሰው ቤት ነድፌ ለወላጆቼ ስነድፍ እንደ ጀማሪ ተማሪ ስስልና ስሰርዝ አመሸሁ።

እናቴ የታመመችው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙ ለእሷ «ጨጓራሽ ነው» ብሎ መድኃኒት ጻፈላትና አባቴንና እኔን ኮሪደር ላይ ጠራን። የሚናገረውን መስማት ስላቃተኝ የኮሪደሩን ስፋት በዓይኔ እለካ ነበር፤ ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ያሳልፋል፣ ጥሩ ነው እላለሁ በልቤ። ካንሰር ነው፣ ጉበቷ ላይ ደርሷል ነው ያለው። ብትከፈትም አይጠቅማትም፣ ቤቷ ወስዳችሁ የምትወደውን አድርጉላት አለን። አባቴ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ እንዳትሰማ። ይህ የእኛ ቤት ብቻ ጠባይ አይደለም። በእኛ ሀገር ከታመመው ሰው በቀር በሽታውን ሁሉም ያውቀዋል። ጎረቤቱ እየመጣ ጨጓራ መጥፎ ነው፣ ቃሪያ አትቅመሺ እያለ ይመክራታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንድትድን መመኘቴን ተውኩ። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያ ቤት ይድረስልኝ፣ እናቴ ትግባበት፣ ብትሞት እንኳ መስኮት ባለው የራሷ ክፍል ውስጥ ትሙት። በሙያዬ ከዚህ ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም፣ እሱንም እንደማልደርስበት ውስጤ ይነግረኝ ነበር።

ከአባቴ ጋር የተጣላነው በፕላኑ ነው። እኔ መኝታዋ ምድር ላይ ይሁን አልኩ። ግቢ ውስጥ ያለው ሽንት ቤት ለመድረስ እንኳ ግድግዳ እየያዘች ነው፣ በምን አቅሟ ደረጃ ትወጣለች? አባቴ አይሆንም አሉ። ስንት ዓመት ፎቅ ስትባል የኖረች ሴት አሁን ታች አልጋ ተዘጋጅቶላት ብታይ፣ ነገርናት ማለት አይደለም ወይ አሉኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኳቸው፤ በእሳቸው ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ቤት ሥሪ እንጂ ሟርት አትሥሪ» አሉኝ።

የማደርገው ሲጠፋኝ ዋሸሁ። ከሳሎኑ ጎን የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ሰፊ ክፍል ነደፍኩ፣ አጠገቡ ሽንት ቤት አደረግኩለትና «የእንግዳ ክፍል» ብዬ ጻፍኩበት። ከወሎ ዘመድ ሲመጣ ያርፍበታል አልኳቸው። ትልቁን መኝታ ቤት ፎቅ ላይ አወጣሁት፤ በረንዳውንም ወደ ከተማው እንዲያይ ወደ ምዕራብ አዞርኩት። ተማሪዎቼን ፕላን ላይ አትዋሹ፣ ኋላ ግድግዳው ያጋልጣችኋል እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ። በገዛ እጄ ውሸት ነድፌ አባቴን አስፈረምኳቸው።

እናቴ ገበያ መውጣት ትታ ፍራሽ ላይ መዋል ስትጀምር፣ ብቻዋን እንዳትሆን የተማሪዎቼን ሥራ ቤት እያመጣሁ አጠገቧ ማረም ጀመርኩ። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ጣቴን ስታይ ከርማ ፕላኑን መከተል ለመደች። «ይሄኛው ልጅ እናት የለውም እንዴ? ሰው ለቅሶ ቢመጣ የት ሊያስቀምጥ ነው?» ትላለች። ወይም ደግሞ፣ ይቺ ወጥ ቤቱን ደብቃዋለች፣ ወጥ የምትሠራላት ሌላ ሴት አለች ማለት ነው ብላ ትስቃለች። ሕመሙ ሲነሳባት ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ሲተዋት ወደ ወረቀቱ ትመለሳለች። እንደዚያን ሰሞን ተቀራርበን አናውቅም። ደስታው አንገቴ ላይ እንደታሰረ ገመድ ነበር የሚሰማኝ።

አንድ ቀን አባቴ ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሄደው ሳለ «የእኛን ቤት አምጪው እስቲ» አለችኝ። ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘረጋሁላት። በርበሬው ከጥፍሯ ሥር ያለቀቀውን ጣቷን የግቢው በር ላይ አሳረፈች። ገባች። ወጥ ቤት ገብታ ቆየች። ወደ ሳሎን አለፈችና ደረጃው ሥር ደርሳ ቆመች። እስክትወጣ ጠበቅኩ፣ አልወጣችም። ዞር ብላ የእንግዳው ክፍል ገባችና መስኮቱ አጠገብ ጣቷን አሳርፋ ተቀመጠች።

«ይሄ የማን ነው?» አለችኝ።

«የእንግዳ ነው።»

«ዕድለኛ እንግዳ ነው፣ ፀሐይ ሰጥተሽዋል» አለች። ከዚያ ጣቷን በውጭው ግድግዳ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሰችው። «እዚህ ጋ በር አውጪበት። ወደ ግቢ የሚወጣ። ሰፋ አድርጊው።»

ለምን አልኳት፣ መልሱን እያወቅኩት።

«ሸክም የያዘ ሰው ሲወጣ እንዳይቸገር ነው» አለች። «እታች የነበሩት አሮጊት ጎረቤታችን የሞቱ ጊዜ ሲያወጧቸው አይተሽ የለም? ቃሬዛውን አጣመው፣ አጥር ላይ አንጠልጥለው። እኔ እንደዚያ መውጣት አልፈልግም።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ በእጇ ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ። «ዝም በይ። አባትሽ እሷ አታውቅም ብለው ነው ቆመው የሚሄዱት። እሱን አትንኪባቸው፣ ሌላ የያዙት ነገር የላቸውም።»

የበሩ ድምፅ ሲሰማ እንባዬን ፕላኑ በተሳለበት ስስ ወረቀት ጫፍ ጠራረግኩ። አባቴ ኮፊያቸውን ሳያወልቁ ገቡ። እናቴ ጣቷን ከእንግዳው ክፍል አንስታ ደረጃው ላይ አሳረፈችና ሽቅብ አስሮጠችው፣ በረንዳው ጫፍ ደርሳ አቆመችው። «አንቱ፣ እዚህ ቆሜ ያገሩን ሰው ራስ ላየው ነው» አለቻቸው። አባቴ ኢንሻአላህ ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች። እኔ ወረቀቱን ጠቅልዬ ወጣሁ፤ አብሬያቸው መሳቅ አልቻልኩም።

በሩን አወጣሁት፣ አሰፋሁትም። ለአባቴ እንግዳው ቤተሰቡን ሳይረብሽ የሚወጣበት ነው አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩትና «ይሁን» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ለመሠረቱ ስንቆፍር ጥቁሩ አፈር ማለቂያ አጣ፤ ድንጋይ እስክናገኝ ድረስ በጀመርነው ሳምንት ያልቃል ያልኩት ቁፋሮ ወር አስቆጠረ። ሲሚንቶ ከገበያ ጠፋ። ሲገኝ ዝናብ ሆነ። የቦሌ ደንበኞቼን ለጓደኛዬ ጥዬለት ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሳሊተ ምሕረት ጭቃ ውስጥ እቆማለሁ፣ ከዚያ ወደ እናቴ ፍራሽ እሮጣለሁ። ስመለስ በየቀኑ ትንሽ አንሳ አገኛታለሁ። ሲሚንቶ አይለመንም፤ የሚደርቅበትን ጊዜ ጠብቆ ነው የሚደርቀው። በሽታም አይለመንም። እኔ በሁለቱ መሃል ቆሜ ሁለቱንም እለምን ነበር።

ሰኔ ላይ የተማሪዎቹ የመጨረሻ ግምገማ ደረሰና ከሌሎች መምህራን ጋር ተቀመጥኩ። አንድ ተማሪ ለወላጆቹ የሚሆን ቤት ነድፎ መጣ። ጠባዬን ስለሚያውቅ ሳልነግረው ጣቱን በሩ ላይ አድርጎ መሄድ ጀመረ፣ ደረጃውንም ወጣ። ላይ የሚተኛው ማነው አልኩት። እናቴ ናት አለ። ደረጃ መውጣት ትችላለች ወይ አልኩት። «አዎ፣ ደህና ናት እኮ» አለኝ፣ ጥያቄዬ ግራ ገብቶት። ተነስቼ ኮሪደር ወጣሁና ግንባሬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ቆምኩ። እናቱ ደረጃ ስለምትወጣ ብቻ ያን ምስኪን ልጅ ጠላሁት። ስመለስ ጥሩ ማርክ ሰጠሁት፤ ባልደረቦቼ ዘንድሮ ለስልሳለች ብለው ተገረሙ።

የፎቁን ሶሌታ፣ የኮንክሪት ወለሉን፣ የሞላነው መስቀል አልፎ መሬቱ ጠንከር ሲል ነው። ሶሌታ ሲሞላ በግ ይታረዳል፣ ሠራተኛው ይበላል፣ ባለቤቱ ይመረቃል። ሥራው አንዴ ከተጀመረ ደግሞ መሃል ላይ አይቆምም፤ ከቆመ የፈሰሰው ይደርቅና አዲሱ አይያያዘውም፣ ቤቱም ዕድሜ ልኩን እዚያ ጋ ይሰነጠቃል። እናቴ ጠዋት «ሂዱ፣ ዛሬ ደህና ነኝ፣ በረንዳዬን ሠርታችሁ ኑ» ብላ ሁለታችንንም አስወጣችን። አንዲት ጎረቤታችን አጠገቧ ቀሩ።

ሥራው ተጋምሶ ነበር። ሴቶቹ ጠጠር ያመላልሳሉ፣ ማደባለቂያው ማሽን ይጮሃል፣ ወንዶቹ ላይ ቆመው ያፈሱታል። ጎረቤታችን ከታክሲ ወርደው በማሳው መሃል ሲመጡ አየኋቸው። አጠገባችን ደርሰው «ትንሽ አሟት ነው፣ ኑ ብላችኋለች» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደታረደው በግ አዙረው። ስንት ወር ስንዋሽ የከረምን ሰዎች ነን፤ ውሸቱን ገና ከሩቅ ከአረማመዳቸው አወቅነው። ግንበኛውም ገባውና ማሽኑ እንዲቆም እጁን አነሳ።

«አታቁሙ» አሉት አባቴ። «የእሷ በረንዳ ነው፣ አይሰንጠቅባት።»

ማሽኑ እየጮኸ ትተነው ሄድን።

በዚያው ቀን፣ የአሱር ሶላት ሳይደርስ አጥበው ገነዟት። ሴቶች መቃብር ስለማንሄድ የእኔ መሸኛ የቤታችን ደጃፍ ነበር። ቃሬዛውን የያዙት ወንዶች መተላለፊያው ውስጥ ሁለት ሆነው ጎን ለጎን መሄድ አልቻሉም። አንዱ «ቀና አድርገው» አለ፣ ሌላው «ወደ እኔ፣ ወደ እኔ» አለ። አጣመሙት። ኩርባው ላይ ሲደርሱ አላልፍ ብሏቸው አጥሩ ላይ አነሱት፣ የቆርቆሮው ጫፍ የለበሰችውን ጨርቅ ያዘውና ቀደደው። እጄን ዘርግቼ ቆሜ ነበር፤ ማንም አላየኝም። ያ ሰፊ በር በዚያች ሰዓት ሳሊተ ምሕረት ጀርባ ክፍቱን ቆሟል፣ የሚወጣበት ሰው የለም።

የአርባ ቀን ሰደቃዋ ካለፈ በኋላ ሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን፤ ቤቱን እንየው ያሉኝ አባቴ ናቸው። ከሶሌታው ሥር የተደገፈው እንጨት ተነስቷል። ግድግዳው ገና ብሎኬት ነው፣ መስኮቱ ባዶ ነው። አባቴ በቀጥታ እንግዳው ክፍል ገቡና ወደ ግቢ የሚያወጣው በር ላይ ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፣ የጣቶቻቸው ጫፍ ግድግዳውን አልነካም።

«ይሄን በር እኔ ነበርኩ ልለምንሽ ያሰብኩት» አሉኝ። «እሷ አይታ ምንድነው ብላ ብትጠይቀኝ ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁ። ኋላ አንቺ ራስሽ ስታወጪው አላህ ነግሯት ነው አልኩ። ደግነቱ ምንም ሳታውቅ ሄደች።»

በሩን ያስወጣችኝ እሷ ናት ልላቸው አፌን ከፈትኩ። «እሱን አትንኪባቸው» ያለችኝ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ፣ እሳቸውም አለፉ፣ አልነገርኳቸውም።

«ውጪ እስኪ» አሉኝ ከግቢው ሆነው። «በረንዳው ላይ ቁሚልኝ።» እርስዎስ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደረጃው መደገፊያ አልነበረውም፣ ግድግዳውን እየያዝኩ ወጣሁ። ሶሌታው አልተሰነጠቀም። ጫፉ ድረስ ሄጄ ቆምኩ።

«ምን ይታያል?» አሉኝ ከታች።

ያልታጨደ ጤፍ ይታያል። እንደኛው ቤት የፌሮ ብረታቸውን ወደ ሰማይ አቁመው የቀሩ ቤቶች ይታያሉ። ርቆ አንድ አውሮፕላን ወደ ቦሌ ይወርዳል። ሰው የለም። ከላይ ሆኜ የማየው የሰው ራስ የአባቴ ብቻ ነበር፤ ነጭ ኮፊያቸውን አድርገው፣ አንጋጠው፣ የደረቀው ጭቃ ላይ ብቻቸውን ቆመዋል።

«ሾላ ይታያል» አልኳቸው። «ገበያው ሙሉ ነው።»

የከተማውን መንገድ ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዱ ሰው ናቸው። ሾላ ከዚያ እንደማይታይ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

«ሰው በዝቷል?» አሉኝ።

«በዝቷል፣ አባባ» አልኳቸው።